ድናለች የተባለችው ዶሮ

በየጓሮው ዶሮ የሚያራቡ ሰዎች ከማስነጠስ፣ ከሳልና ከሚንኮራፋ ትንፋሽ ጋር የገጠሙት ትግል

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ካራ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የቤቱ እመቤት የዶሮ ቤቱን አምፖል አጥፍተው ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አይናገሩም፤ እኔም እንዳልናገር በእጃቸው ምልክት ሰጥተውኛል። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ ቆይተዋል። መጀመሪያ የሚሰማው የክንፍ መራገፍና እንጨት የሚፍቅ ጥፍር ነው። ጥቂት ቆይቶ ያም ይረጋል። ከዚያ ከግራው ጥግ «እጥሽ» የምትል ደረቅና አጭር ድምፅ ትወጣለች። ትደገማለች። ከዚያው ጥግ ሌላም ድምፅ አለ፤ ጀበና ሊገነፍል ሲቃረብ የሚያሰማው ዓይነት፣ እርጥብና የሚንተከተክ። አየር ወደ ውስጥ በተሳበ ቁጥር ይመጣል።

«ገብስማዋ ናት» አሉ በሹክሹክታ። «ቀን ብታያት ምንም የላትም። መኖ ሲበተን ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።»

ይህን የማታ ማዳመጥ ያስተማሯቸው የሰፈሩ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ዶሮ ቀን ትጭራለች፣ ትጮኻለች፣ ትሯሯጣለች፤ ብትታመም እንኳ ሰው ሲቀርባት ቀና ብላ ሕመሟን ትደብቃለች። መንጋው ሲረጋ ነው ደረት ውስጥ ያለው ነገር የሚሰማው።

ሴትየዋ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጫጩት እየፈለፈሉ ለጎረቤትና ለዘመድ ይሸጣሉ። ሁለት ትንንሽ የማስፈልፈያ ማሽኖች ጓዳ ውስጥ አሏቸው። ሥራቸው ግን ማስፈልፈል ብቻ አይደለም፤ ዘር መምረጥም ነው። የሐበሻዋን ገብስማ ኮኮክ ከሚባል ዝርያ አውራ ጋር አዳቅለው፣ ከልጆቿ መካከል ደኅና የምትጥለውን፣ የካራን ብርድ የምትችለውን፣ ጭልፊት ስታንዣብብ ቀድማ የምትሸሸገውን እየለዩ ያስቀራሉ። ግቢው ውስጥ ካሉት ዶሮዎች አብዛኞቹ የአንዲት እናት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እናቲቱም ይህቺው ማታ ማታ የምትንኮራፋው ገብስማ ናት።

ሁሉም ፈንግል አይደለም

ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ፈንግልን ያውቃል፤ ያላረባውም ስሙን ሰምቷል። ክረምት ሊገባ ሲል ወይም ከበዓል ገበያ በኋላ አንዷ ዶሮ ታኮርፋለች፣ ላባዋን ታንጨፈርራለች፣ ምንቃሯን ከፍታ ታለከልካለች። ቀጥሎ አረንጓዴ ቅዘን ይታያል። አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ክንፏ ይንጠለጠላል። ብዙም ሳይቆይ ግቢው ባዶ ይቀራል። ሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማና በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ተለይቶ ታወቀ። በእኛ በኩል መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1971 በአስመራ አካባቢ በነበረ የዶሮ እርባታ ላይ ታይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባበት ቀበሌ ያለ አይመስልም።

ችግሩ ስሙ ሁሉን ጠቅልሎ መያዙ ነው። ዶሮ አስነጠሰች፣ ፈንግል። ዓይኗ አበጠ፣ ፈንግል። ከሞተች ደግሞ ክርክር የለም። ለዘብ ያለ እንደሆነ ብቻ «ጉንፋን» ይባላል፤ ጉንፋን ደግሞ ያልፋል ተብሎ ይተዋል። የእንስሳት ሐኪሞች ግን ከአንዲት አስነጣሽ ዶሮ ጀርባ አራት አምስት ዓይነት ጠላት ሊኖር እንደሚችል፣ የእያንዳንዱም መፍትሔ የተለያየ እንደሆነ ይናገራሉ።

አንዱ ተላላፊ ብሮንካይተስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ጫጩቶችን ሲያስለከልክ ተመዘገበ፤ ከኮሮና ቫይረሶች ወገን በሳይንስ መጀመሪያ የታወቀው እሱ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ዓለም «አዲስ» ያለውን ስም የዶሮ ሐኪሞች ተማሪ ሳሉ የሚያጠኑት ነበር። ትልልቆቹን ዶሮዎች ብዙም አይገድልም፤ የእንቁላል መሥሪያቸውን ግን ያበላሻል። ቅርፊቱ የተጨማደደ፣ ቅርጹ የተጣመመ፣ ነጩ ቀጥኖ መጥበሻ ላይ የሚፈስ እንቁላል ከሳሉ በኋላ ለወራት ሊከተል ይችላል።

ኮራይዛ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ባክቴሪያ ነው። ፊት በአንድ ወገን ያብጣል፣ ዓይን ይዘጋል፣ ከአፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል። ብዙ ልምድ ያላቸው አርቢዎች በሩን እንደከፈቱ ከሽታው ይለዩታል። በቀናት ውስጥ መንጋውን ያዳርሳል። የፈንጣጣም አንድ ዓይነት አለ፤ በፊት ላይ ከሚወጣው ቁስል ይልቅ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ቢጫ ነገር እየጋገረ ትንፋሽ የሚያሳጥር።

ሌላው ጠላት ከዶሮዋ ጎረቤት ሊመጣ ይችላል፤ ከዶሮዎቻቸው ጎን ለልጆች መጫወቻ ብለው ጥንቸል የሚያስቀምጡ ሰዎችም እየበዙ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1880 ግድም ክትባት ሊያበጅለት የታገለው የዶሮ ኮሌራ ባክቴሪያና ጥንቸልን የሚያስነጥሰው፣ አፍንጫዋን በፊት እግሯ እየጠረገች ጸጉሯን የሚያረጥብባት ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ናቸው። ጥንቸሏ ደኅና መስላ አፍንጫዋ ውስጥ ይዛው ትኖራለች። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም።

የካራዋን ገብስማ የያዛት ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

«ፈንግል ገድሎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ይቀመጣል።»

ክትባቱ ያጋለጠው

ነገሩ የተገለጠው በክትባት ሰሞን ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለፈንግል የሚያመርታቸው ክትባቶች ሕያው ቫይረስ የያዙ ናቸው፤ ነገር ግን የለዘበ ቫይረስ ነው። ለጫጩቶች በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ኤች-ቢ-ዋን አለ፤ ቆየት ብሎ የሚደገመው ላሶታ አለ፤ ሙቀት ስለሚችል ለገጠር የሚመረጠው አይ-ቱም አለ። ላሶታ ስሙን ያገኘው ቫይረሱ ከተወሰደበት የአሜሪካ የኒው ጀርሲ እርባታ ባለቤት ነው። ዛሬ የሰውየው ስም በየወረዳው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይጠራል።

ላሶታ የጠጡ ዶሮዎች ለሦስት፣ ለአራት ቀን ትንሽ ቢያስነጥሱ አያስደነግጥም፤ ሰውነታቸው ክትባቱን እየተቀበለ ነው። የካራዋ ሴት መንጋ ግን ሳምንት አልፎትም ማስነጠሱን አላቆመም። ጎረቤት ሁሉ «ክትባቱ አሳመማቸው» አለ። ይህ ወሬ በየሰፈሩ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ሁለተኛ እንዳያስከትብ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሐኪሙ የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው።

«እትዬ፣ ክትባቱ አላመጣውም» አሏቸው ያን ጊዜ። «ተኝቶ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ።»

ተኝቶ የነበረው ማይኮፕላዝማ ነው። ከባክቴሪያዎች ሁሉ እጅግ ትንሽ ከሚባሉት ወገን ነው፤ እንደሌሎቹ የውጭ ግድግዳ የለውም። በራሱ ብዙ ዶሮ አይገድልም። የዶሮዋ መተንፈሻ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ ሲበርዳት፣ ስትራብ፣ ስትጓጓዝ ወይም ሌላ ቫይረስ ሲጨመርባት ይነሣል። ያኔ የዓይኗ ጥግ አረፋ ይይዛል፣ አፍንጫዋ ይረጥባል፣ ማታ ትንኮራፋለች። አየሩ ሲሞቅና መኖው ሲደላደል እንደገና ይተኛል። ባለቤቷ «ዳነች» ትላለች።

ሐኪሙ ቀጥሎ ያደረጉት ምርመራ ቀላል ነው፤ አይቼዋለሁ። ከክንፍ ሥር የተቀዳው ደም እስኪረጋ ይጠበቅና ላዩ ላይ የሚጠራው ፈሳሽ ይወሰዳል። አንዲት ጠብታ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትንጠባጠባለች። አጠገቧ ቀለም የተቀባ የተዘጋጀ ማይኮፕላዝማ ጠብ ይደረጋል። ሁለቱ በስንጥር ይቀላቀላሉ፤ ሰሌዳው በእጅ ቀስ ተብሎ ይወዘወዛል። ለሁለት ደቂቃ ያህል የዶሮ ቤቱ ባለቤት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቅልቅሉ ለስላሳ ሆኖ ከቆየ ደግ ነው። ቀለሙ እየተሰባሰበ ጓል ጓል ካበጀ ዶሮዋ በሽታውን ታውቀዋለች ማለት ነው። ውጤቱ አሻሚ ሲሆን ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አንዱ ነው።

የገብስማዋ ጠብታ ሰሌዳው ተወዝውዞ ሳያበቃ ጓል ሠራ።

የዶሮ ጉንፋን የኛን ጉንፋን የማይመስልበት ምክንያት

ሰው ሲያስለው ሳንባውን ያጸዳል። ሳንባን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ከሆድ በኩል ወደ ላይ ይገፋል፤ አየሩም አክታውን ይዞ ይወጣል። ዶሮ ያ ጡንቻ የላትም። ሳንባዋም እንደኛ አይነፋም፣ አይጎድልም፤ ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ነው። አየሩን የሚያንቀሳቅሱት ከሳንባው ጋር የተያያዙ ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ አንገት ሥር፣ ደረት ውስጥ፣ እስከ ሆድ ድረስ ተዘርግተዋል። ከትከሻዋ በታች ያለው የክንፍ አጥንት እንኳ ውስጡ ባዶ ሆኖ ከእነዚሁ ከረጢቶች ጋር ይገናኛል። አየር በሳንባዋ ውስጥ የሚያልፈው በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ነው። ለመብረር ለተፈጠረ አካል ድንቅ አሠራር ነው፤ ለበሽታ ግን በር ነው።

ስስ ከረጢቶቹ የደም ሥር ብዙም የላቸውም። በሽታ አንዴ ከገባባቸው የሰውነት መከላከያውም መድኃኒቱም በቀላሉ አይደርሳቸውም። ለፋሲካ ያረዷት ዶሮ ሆድ ውስጥ ቢጫ፣ አይብ መሰል ነገር ተለጥፎ አግኝተው «ምንድን ነው?» ብለው የጣሉ ባለሙያ እናቶች ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው።

የሰው እጅ ደግሞ ይጨምርበታል። ዶሮ በእጅ ስትያዝ ደረቷ አጥብቆ ከተጨመቀ መተንፈስ አትችልም፤ ደረቷ ወጣ ገባ እያለ ነውና አየር የምትስበው። የታመመችን ዶሮ ለማከም ተብሎ አንቆ የያዘ ሰው እጁ ላይ ሞታ ያገኛታል። ሁለት እግሯ ታስሮ ተዘቅዝቃ ከገበያ እስከ ቤት የምትጓዘውም ያው ናት፤ የሆድ ዕቃዋ ሁሉ ከረጢቶቿ ላይ ይወድቃል።

ከእናት ወደ እንቁላል

ዶሮ ለሥጋ ወይም ለዕለት እንቁላል ብቻ ለሚያረባ ሰው ማይኮፕላዝማ ኪሳራ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። ዶሮዎቹ በመጠኑ ያንሳሉ፣ እንቁላልም በመጠኑ ያሳንሳሉ፣ ኑሮ ይቀጥላል። ዘር ለሚያራባ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም በሽታው ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ንጹሕ ቅርፊት፣ ንጹሕ ማሽን፣ ንጹሕ እጅ፤ ሁሉም ተሟልቶ ጫጩቱ በሽታውን ይዞ ይፈለፈላል። ከመቶው እንቁላል ሁሉም ላይ አይደለም፤ ጥቂቱ ላይ ነው። ነገር ግን በአንድ ሙቅ ሣጥን ውስጥ አብረው የሚፈለፈሉ፣ በአንድ አምፖል ሥር አብረው የሚያድጉ ጫጩቶች ናቸውና አንዱ ለሁሉም ይበቃል።

ከዚህ ላይ ነው በአርቢዎች መካከል ያለው ትልቁ ክርክር የሚነሣው። በዕድሜ የገፉ፣ ከሰላሌም ከመንዝም የመጡ አርቢዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ከወረርሽኝ የተረፈች ዶሮ ጠንካራ ናት፣ ዘሯን ያዝ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሐበሻ ዶሮ መቼም በራሷ ጭራ፣ በራሷ ታቅፋ፣ ያለ ሐኪም የኖረች ናት፤ ደካማው አልቆ የቀረው ነው እጃችን ላይ ያለው። በብዙ በሽታ ላይ የተረፈችውን መምረጥ ትክክል ነው።

በዚህኛው ግን የተረፈችው ናት ችግሩ። ሳትሞት፣ ሳትከሳ፣ እየጣለች፣ በሽታውን በእንቁላሏ እያደለች ዓመታት ትኖራለች። ጠንካራ መሆኗ እውነት ነው፤ ጥንካሬዋ የሚጠቅመው ግን ከእሷ ይልቅ ማይኮፕላዝማውን ነው። እኔ የሐኪሞቹ ወገን ነኝ፤ ነገር ግን የሽማግሌዎቹን አባባል እንደ ድንቁርና የሚያጣጥል ወጣት ባለሙያ ስሰማ ደስ አይለኝም። የጎደላቸው አንድ መረጃ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አልነገራቸውም።

«ጥንካሬዋን ወድጄ ዘሯን አበዛሁ። አብሮ የበዛውን ማን ያያል?»

ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ «ኦክሲ»

የዶሮ ሳል ሲነሣ መጀመሪያ የሚከፈተው ጓዳ ነው። ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቃል፣ ፌጦ በውኃ ይበጠበጣል፣ አረቄ በጠብታ ይሰጣል። ሐኪሞቹ በዚህ ብዙም አይቆጡም። ነጭ ሽንኩርት የበላች ዶሮ አትጎዳም፤ የሚጎዳው ሦስት ቀን እየጠበቁ መክረም ነው፤ ነገሩ በእርግጥ ፈንግል ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ የቀረውን መንጋ መለየት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው የሚከፈተው የመድኃኒት ቤት በር ነው፤ እዚህ ላይ ሐኪሞቹ ይቆጣሉ። ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ተፈትቶ ውኃ ውስጥ ይደባለቃል። ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ገዢዎቹ «ኦክሲ» የሚሉት፣ ያለ ልክ ይሰጣል። ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም፤ ፈንግልም ብሮንካይተስም ቫይረስ ናቸው። ፔኒሲሊን ደግሞ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ መድኃኒት ነውና ግድግዳ የሌለውን ማይኮፕላዝማ አይነካውም። ቴትራሳይክሊንና ታይሎሲን ይነኩታል፤ ያዳክሙታል እንጂ ከመንጋው አያጠፉትም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለቅርፊቱ ሲባል ካልሲየም ይበዛበታል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ቴትራሳይክሊኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ብዙ ሰው «ኦክሲ አልሠራም» ብሎ መጠኑን የሚጨምረው ይህን ሳያውቅ ነው።

በመድኃኒት ቤት የሚሠሩ አንድ ባለሙያ የደንበኞቻቸውን ጥያቄ በአጭሩ ነገሩኝ፤ «ማስነጠሱን የሚያቆም ነገር ስጠኝ» ነው የሚሉት። ማስነጠሱ ይቆማል። ዶሮዋ ትሸጣለች፣ እንቁላሏ ማሽን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ የደበቀው ነገር ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይነሣል። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላል በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መበላት እንደሌለበትም ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው።

አየሩን ማን ያሸታል?

ክረምት ሲገባ የዶሮ ቤት መስኮት በላስቲክ ይሸፈናል። ርኅራኄ ነው፤ እንዳይበርዳቸው። ግን የሚገድላቸው ብርዱ ብቻ አይደለም። ኩሱና የረጠበው ሰጋቱራ ሲገናኙ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያው የመተንፈሻ ቱቦን የሚያጸዱትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያደነዝዛል፤ እነሱ ከቆሙ በሽታው ያለ ከልካይ ይገባል። ላባ የለበሰች፣ ሆዷ የጠገበና ንፋስ በቀጥታ የማይመታት ዶሮ የአዲስ አበባን ብርድ ትችላለች። አሞኒያን የምትችል ዶሮ የለችም።

የባለቤት አፍንጫ አይታመንም። በየቀኑ የሚገባበት ሰው ይለምደዋል። ሐኪሙ ለዚህ ያላቸው ምክር ሁለት ነው፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ አስገቡና ፊቱን እዩ፤ ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ቁጢጥ በሉ። ዶሮ የምትተነፍሰው ቆመን በምንተነፍስበት ከፍታ ላይ ያለውን አየር አይደለም። እኔም ቁጢጥ አልኩ። ቆሜ ሳለሁ ምንም ያልሸተተኝ ቤት ከጉልበቴ በታች ዓይኔን አስለቀሰው።

ሴትየዋ ያን ቀን ላስቲኩን ከላይ በኩል ስንዝር ያህል ቀደዱት። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣልና መውጫው ላይ መሆን አለበት፤ ታች ከሆነ ቆጥ ላይ ያሉትን ይመታል። ውኃ መጠጫውን ደግሞ ድንጋይ ላይ ከፍ አደረጉት፤ የሚፈሰው ውኃ ሰጋቱራውን እንዳያረጥብ። ከዚህ ውጪ አዲስ ነገር አልተሠራም፤ የማታው ማስነጠስ ግን በግማሽ ቀነሰ ይላሉ። በሽታው ጠፍቶ አይደለም።

ከሾላ የመጣው አውራ

ነገሩ ከየት ገባ? ሴትየዋ ያመነቱት ትንሽ ነው። ዓምና በመስከረም ሰሞን፣ የኮኮኩ አውራ ሲያረጅ፣ ከሾላ ገበያ አንድ ቀይ አውራ ገዝተው ነበር። አምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እየጮኸ ነው የገባው። ያኑ ዕለት ማታ ከሴቶቹ ጋር ቆጥ ላይ ወጣ።

የዶሮ ነጋዴዎች በዚህ ሲወቀሱ ይቆጣሉ፤ ግማሹ ቁጣቸው ተገቢ ነው። «እኔ ከሃያ ሰው ነው የሰበሰብኩት» አሉኝ አንድ ነጋዴ፤ «የማን እንዳስነጠሰች በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ታማ ያመጣት ማን ነው? ሰው ዶሮው ስታኮርፍ ‹ሳትሞት ትሸጥ› ይላል፤ ከዚያ መልሶ እኔኑ ይሰድበኛል።» እውነታቸውን ነው። በሽታው ከመንደር መንደር የሚጓዘው በአየር ተንሳፍፎ ሳይሆን በዘንቢልና በአውቶቡስ ጣሪያ ነው፤ ጉዞውን የሚከፍሉለት የታመመችውን አውጥተው የሚሸጡት ባለቤቶች ናቸው። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ገዢም ሻጭም አይጠያየቅም።

ሐኪሞቹ አዲስ የገባ ዶሮ ለአንድ ወር ብቻውን ይቆይ ይላሉ፤ በተለየ ጣሪያ ሥር፣ በተለየ ውኃ መጠጫ፣ ባለቤቱም ጤነኞቹን መግቦ ከጨረሰ በኋላ የሚደርስበት። በጠባብ ግቢ ይህ ቅንጦት ይመስላል። ካርቶንም ቢሆን፣ የጎረቤት ጓዳም ቢሆን ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጎልማሳ ዶሮ ከገበያ ለዘር አለመግዛት ነው።

ክትባቱም የራሱ ጣጣ አለው። ብልቃጡ ለመቶ ወይም ለብዙ መቶ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ሠላሳ ዶሮ ያለው ሰው የቀረውን ይደፋል፣ ምክንያቱም ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ አይሠራም። ከመድኃኒት ቤት እስከ ቤት በበረዶ ካልመጣም እንዲሁ። የቧንቧ ውኃ ላይ ያለው ክሎሪን ቫይረሱን ይገድለዋል፤ ብዙ ሰው «ከትቤ ነበር፣ አለቁብኝ» የሚለው ሳያውቅ የሞተ ክትባት አጠጥቶ ነው። የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ከሌለ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ለሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቀድሞ ማሟሟት ክሎሪኑን ያበርደዋል። በካራ ሰባት ቤቶች ተስማምተው አንድ ብልቃጥ በአንድ ፔርሙዝ ያመጣሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዎቹን ውኃ ከልክለው ያስጠሙና ከቤት ቤት እየዞሩ ያጠጣሉ። ከመንግሥትም ከግብረ ሰናይም የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ከዕቁብ የወጣ ነው።

ገብስማዋ ምን ትሁን?

መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፤ ሁሉንም አስወግድ፣ ቤቱን አጽዳ፣ ለሳምንታት ባዶ አድርገው፣ ከንጹሕ ምንጭ እንደገና ጀምር። ማይኮፕላዝማ ከዶሮዋ ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ላባና ገለባ ላይ ለቀናት እንጂ ለወራት አይኖርም። ባዶ ቤት በራሱ መድኃኒት ነው። ትልልቆቹ እርባታዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ግን ገብስማዋ ከመደብር የምትተካ ዶሮ አይደለችም። የዓመታት ምርጫ ውጤት ናት። ሐኪሙ እዚህ ላይ፣ ለወጣት ባለሙያ ባልጠበቅኩት ትዕግሥት፣ ሁለተኛ መንገድ አሳዩአቸው። እንቁላሏ በሙሉ በሽታውን አይዝም። ስለዚህ ብዙ አትፈልፍሉ፤ በትንሽ በትንሹ፣ አሥር አሥር እያደረጋችሁ ፈልፍሉ። እያንዳንዱ ጭፍራ ከሌላው ሳይገናኝ ለብቻው ይደግ። ሦስትና አራት ወር ሲሞላቸው ደማቸው ይመርመር። ከአሥሩ አንዱ እንኳ ጓል ከሠራ አሥሩም ለዘር አይሆኑም። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የወጣ ጭፍራ ከተገኘ ግን የገብስማዋ ደም ያለ በሽታዋ ተረፈ ማለት ነው። እንቁላሉን ከማስታቀፍ በፊት 46 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ለግማሽ ቀን ያህል አቆይቶ በሽታውን መቀነስም በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለቤት ማሽን ግን አይመከርም፤ ቴርሞሜትሩ ትንሽ ከተሳሳተ ጽንሱ ይበስላል።

የመጀመሪያው ጭፍራ አልሆነም። ሁለት ወጣት ዶሮዎች በምርመራው ተይዘው ከነወንድሞቻቸው ለገና ወጥ ሆኑ፤ ሥጋቸው ለሰው አይጎዳም። ሁለተኛው ጭፍራ በሴትየዋ እህት ቤት፣ ጎሮ አካባቢ በአንድ የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ አድጎ በመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ወጥቷል። ቄቦቹ መጣል ሲጀምሩ እንደገና ይመረመራሉ፤ የተኛው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያኔ ነውና። ገብስማዋ እስካሁን ካራ ናት። እንቁላሏ ለቤት ይበላል፤ ማሽን ውስጥ አይገባም።

እስከዚያ ድረስ ሴትየዋ ጫጩት አይሸጡም። ቀብድ ከፍለው የነበሩ ደንበኞች ተቆጥተው ገንዘባቸውን ወስደዋል፤ አንዳንዶቹም ከሾላ ገዝተዋል። ከእነሱ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ ጫጩቶቹ ማስነጠስ እንደ ጀመሩ ነግሮ፣ ኦክሲ በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥ ጠየቃቸው። የሐኪሙን ስልክ ሰጡት።